ልብ ስንት ብልት አለው?

አንባቢ ሆይ፤ ዶሮ ስንት ብልት አላት ተብለው ቢጠየቁ 12 ብለው ለመመለስ የሚቸገሩ አይመስለኝም። ወጥ ቤት ገብተው የማያውቁ ወንዶች እንኳ ይህን ያውቃሉ። ፈረሰኛው ለማን እንደሚቀርብ፣ መላላጫው የትኛው እንደ ሆነ፣ አቃፊው ከየት እንደሚወጣ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ከድስቱ ውስጥ አንድ ብልት ቢጎድል ወዲያው ይገባዋል። የጎጃሟ ባለሙያና የሸዋዋ ባለሙያ በዐይን ተያይተው ባያውቁም በዶሮዋ ብልት ይግባባሉ። «አንድ መላላጫ ጎድሏል» ብትል አንደኛዋ፤ ሌላዪቱ የጎደለው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ልብ ስንት ብልት አለው ቢባሉስ ምን ይመልሳሉ? ተማሪ ከሆኑ 4 ይላሉ፤ ሁለት የላይኛ ጓዳ፣ ሁለት የታችኛ ጓዳ። መልሱ ትክክል ነው፤ እኔም በፈተና ላይ ሙሉ ማርክ እሰጥበታለሁ። ዛሬ የማወጋዎ ግን ስለ አራቱ ጓዳዎች አይደለም። ከአራቱ የአንዱ፤ ማለት የግራው የታችኛ ጓዳ፤ ግድግዳ ስለ ሆነው ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ በሐኪሞች ስምምነት 17 ክፍል አለው። ስምምነት ያልኩት ቃሉ አምሮኝ አይደለም። ዶሮ ስትበለት ቢላዋው መገጣጠሚያውን እየተከተለ ይሄዳል፤ ባለሙያዪቱ የምታደርገው ተፈጥሮ ያበጀውን ወሰን ፈልጎ ማግኘት ነው። የልብ ጡንቻ ግን መገጣጠሚያ የለውም።

በአማኑኤል የማስተምራቸው ልጆች ይህን በዐይናቸው እንዲያዩት የበሬ ልብ ከሥጋ ቤት ማስመጣት ልማዴ ነው። (ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም ዐቢይ ጾም ሲገባ ይህ ትምህርት አይሰጥም፤ የትምህርት ሚኒስቴር መጽሐፍ ስለዚህ ጉዳይ ያሰበ አይመስልም።) ልቡን እንደ ድፎ ዳቦ አግድም ስንቆርጠው የግራው ጓዳ እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ፣ ግድግዳው ወፍሮ ይታያል። የቀኙ ጓዳ ግን ስስ ግድግዳ ያለው ሆኖ እንደ ግማሽ ጨረቃ በግራው ጎን ላይ ተለጥፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቀኙ ጓዳ ደሙን የሚልከው ወደ ጎረቤቱ ወደ ሳንባ ሲሆን፤ የግራው ግን ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር ማድረስ አለበት። በጤነኛ ጐልማሳ ሰው ይህ የግራ ግድግዳ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ በአንድ ቀንም 100,000 ጊዜ ያህል ይኮማተራል።

ልጆቹ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «መሥመሩ የት አለ?» ብለው ነው። መሥመር የለም። የጡንቻው ክር እየተጠማዘዘ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሆኖ ይሄዳል። ታዲያ ተፈጥሮ ያልከፈለችውን ሰው ለምን ይከፍለዋል?

ለዚህ መልስ ለመስጠት ልብ ራሱ ከየት እንደሚጠጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ጓዳው ሌሊትና ቀን ደም ሞልቶት ሳለ ጡንቻው ግን ከዚያ ደም የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ዋናው ምግቡ የሚመጣለት በውጭ በኩል ልቡን አቅፈው ከሚወርዱ የደም ሥሮች ነው። ወንዝ ዳር ያለ ማሳ ቦይ ካልተቀደደለት ወንዙን እያየ እንደሚደርቅ ማለት ነው። ዋናዎቹ ቦዮች ሦስት ናቸው። አንዱ በልቡ ፊት ለፊት ወደ ጫፉ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ወደ ግራ ጎን ዞሮ ይሄዳል፤ ሦስተኛው በቀኝ በኩል ዞሮ የታችኛውን ገጽ ያጠጣል።

መስኖ የሚያውቅ ገበሬ የትኛው መደብ እንደ ጠወለገ አይቶ የትኛው ቦይ እንደ ተደፈነ ይናገራል። ሐኪሙም እንዲሁ ነው። የልቡን ግድግዳ በመሣሪያ እየተመለከተ ከሌላው እኩል የማይኮማተር ወይም ደም የማይደርሰው ቦታ ሲያገኝ ችግሩ በየትኛው ሥር ላይ እንዳለ ይገምታል። ሥሩ በቶሎ ቢከፈት ጡንቻው ሊያገግም ይችላል፤ ከዘገየ ያ ቦታ ሞቶ ጠባሳ ይሆናል። ነገር ግን ሐኪሙ ያየውን ለሌላ ሐኪም ማስተላለፍ ሲፈልግ «ከማሳው ወዲያ ማዶ ያለው መደብ» ብሎ መጻፍ አይበቃውም። መደቡ ስም ያስፈልገዋል፤ ወሰኑም ለጸሓፊውና ለአንባቢው አንድ መሆን አለበት።

ከ2002 በፊት (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስም ጠፍቶ አልነበረም፤ ይልቁንም በዝቶ ነበር። ልብን በድምፅ ሞገድ የሚመለከቱት፤ እኛ አገር ኤኮ በሚባለው መሣሪያ ማለት ነው፤ የአሜሪካ የኤኮ ሐኪሞች ማኅበር በ1989 ባወጣው መመሪያ ጡንቻውን 16 ቦታ ይከፍሉት ነበር። ጨረር የሚሰጥ መድኃኒት በደም ሥር ሰጥተው ደም የት እንደ ደረሰ በልዩ ካሜራ የሚያነሡት ደግሞ ብዙዎቹ 20 ቦታ ይከፍሉት ነበር። ሌላም አከፋፈል ነበረ። እያንዳንዱ በራሱ ክፍል ውስጥ ሲሠራ ችግር አልነበረበትም። ችግሩ የሚመጣው በሽተኛው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ሲሄድ ነው፤ በሽተኛ ደግሞ ሥራው መሄድ ነው።

መዝገብ ቤት የሚሠሩ አንባቢዎቼ ይህን ጣጣ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በድሮ ፋይል ውስጥ «ብቸና አውራጃ» ወይም «ሞጣ አውራጃ» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ያገኛሉ እንበል። ዛሬ ብቸናም ሞጣም በቦታቸው አሉ፤ መሬቱም አልተነቃነቀም። አውራጃው ግን የለም፤ መሬቱ በወረዳ ተሸንሽኗል። የድሮውን ቁጥር አምጥተው ከዛሬው የወረዳ ቁጥር ጋር ላስተያይ ቢሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ያለው ነገሩ አድጎ ነው ወይስ ወሰኑ ሰፍቶ? ዝቅ ያለውስ ቀንሶ ነው ወይስ አንድ ቀበሌ ወደ ጎረቤት ስለ ሄደ? ይህን ሳያጣሩ ሪፖርት ከጻፉ አለቃዎ ባይቆጡም ቁጥሩ ያሳፍርዎታል።

በመዝገብ ቤት ይህ ስሕተት የሚያስከትለው አንድ የተበላሸ ሪፖርት ነው። በልብ ግን እንዲህ ይሆናል። አንድ በሽተኛ በመጀመሪያው መሣሪያ ከ16 ክፍሎች 4ቱ ደካማ ናቸው ተባለ። ከዓመት በኋላ በሌላው መሣሪያ ከ20 ክፍሎች 5ቱ ደካማ ናቸው ተባለ። ባሰበት ወይስ እንደ ነበረ ነው? ፈጥነው ሒሳብ የሠሩ አንባቢ «ሁለቱም ሩብ ነው፤ ለውጥ የለም» ይሉኝ ይሆናል። ነገር ግን የፊተኛው ሩብና የኋለኛው ሩብ አንድ መጠን ያለው ሥጋ አይደለም። በ20ው አከፋፈል የልቡ ጫፍ አካባቢ ብቻውን 8 ክፍል ይይዝ ነበር፤ ከመቶ 40 ማለት ነው። በ16ቱ ግን ያው ጫፍ የሚይዘው 4 ክፍል ነው፤ ከመቶ 25። ስለዚህ በጫፉ አካባቢ የታመመ ሰው በአንዱ መዝገብ ሕመሙ ገዝፎ፣ በሌላው አንሶ ይጻፋል። ሰውየው ያው ሰውዬ ነው።

ይህን ለማስታረቅ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በልዩ ልዩ መሣሪያ የሚሠሩትን ሐኪሞች በአንድ ጠረጴዛ ሰብስቦ አወያየ፤ የማኅበሩ ሰነድም በጥር 2002 ወጣ። በጸሓፊዎቹ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ያለው ስም ማኑኤል ሰርኬይራ ይባላል። ሰዎቹ የተስማሙት በ17 ነው። በ16 እና በ20 መካከል ተከራክረው የደረሱበት የገበያ ዋጋ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ፈገግ ብያለሁ። ነገር ግን በእጃቸው ሚዛን ነበረ። የልብ በሽታ ሳይኖርባቸው የሞቱ ጐልማሶች ልብ በሦስት ቀለበት ተቆርጦ ሲመዘን፤ የላይኛው ሢሶ ከሁሉ ይከብዳል፤ የጫፉ ሢሶ ግን ከጠቅላላው ጡንቻ ከመቶ 21 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ለዚህ ቦታ ከመቶ 40 የሰጠው የ20ው አከፋፈል ጫፉን በእጥፍ ገደማ አግዝፎታል ማለት ነው። በ17ቱ ለጫፍ የተሰጠው 5 ክፍል ነው፤ ከመቶ 29 ይመጣል። ሒሳብ የሚወዱ አንባቢ 16ቱ ይበልጥ ወደ ሚዛኑ እንደሚቀርብ ያያሉ፤ ልክ ነው። ሆኖም በ16ቱ ውስጥ የመጨረሻዪቱ ቆብ፤ ማለት ጓዳው አልቆ ጡንቻ ብቻ የቀረባት ነጥብ፤ ለብቻዋ ቦታ አልነበራትም። የደምን አደራረስ የሚያሳዩት መሣሪያዎች ግን ያቺን ቆብ በግልጽ ያዩአታል። የሚያዩትን ነገር የሚጽፉበት መሥመር ከሌላቸው ቅጹ ጎደሎ ነው።

አሁን ወደ አቆራረጡ እንምጣ። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ልብ በደረት ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ዕቃ አለመሆኑ ነው። ጫፉ ወደ ግራ፣ ወደ ፊትና ወደ ታች ያዘነበለ ነው። የተለመደው የሰውነት ራጅ እንደሚነሣበት አቅጣጫ ልብን ቢቆርጡት ቀለበቱ ተንጋድዶ ይወጣል። ስለዚህ ሐኪሞቹ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር መቁረጫው የሰውየውን ቁመት ሳይሆን የልቡን የራሱን ቁመት እንዲከተል ነው። ከበሩ መካከል እስከ ጫፉ አንድ ቀጥ ያለ መሥመር ይታሰባል፤ ቢላዋው ያንን መሥመር በቀጥታ አቋርጦ ያልፋል። (ቢላዋ የምለው በምሳሌ ነው፤ የሚቆረጠው ሥዕሉ እንጂ ሰውየው አይደለም። አንድ ተማሪዬ ይህን አጥብቆ ጠይቆኛል።)

በዚህ ዐይነት ሦስት ቀለበት ይወጣል፤ እኔ ራስጌ፣ ወገብና ጫፍ እላቸዋለሁ። ሐኪሞች ራስጌውን «መሠረት» ነው የሚሉት፤ ከላይ ያለውን መሠረት ማለት ለምን እንዳስፈለገ ለተማሪ ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ልብን እንደ ተገለበጠ ክምር ቢያዩት ግን ነገሩ ይገባል። ቀለበቶቹን የሚለያቸው በግምት የተወረወረ ሜትር አይደለም። በግራው ጓዳ ውስጥ ከግድግዳው የበቀሉ ሁለት ጣት የሚመስሉ ጡንቻዎች አሉ፤ የጓዳውን በር በቀጫጭን ክር የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ከበሩ አንሥቶ እስከ ጣቶቹ አናት ያለው ራስጌ ነው። ጣቶቹ የሚታዩበት ርዝመት ወገብ ነው። ከጣቶቹ በታች ጓዳው እስኪያልቅ ያለው ጫፍ ነው። ከዚያ የቀረችው ቆብ ናት።

ቀለበቱ ሲገኝ ዙሪያውን ማካፈል ይቀራል፤ ክርክር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ክብ ነገር መነሻ የለውም፤ ከየት ጀምሮ ይቆጠራል? ጎጃምን ይመልከቱ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ይዞራታል፤ ያ ወሰን ማንም ያላበጀው፣ ማንም የማይከራከርበት ነው። በውስጧ ያሉት የወረዳና የቀበሌ ወሰኖች ግን ሰው የተከላቸው ናቸው፤ ለክርክርም ለሽማግሌም ይዳርጋሉ። በልብ ቀለበት ላይም እንደ ዓባይ ያለ የተፈጥሮ ምልክት አለ፤ ይኸውም ስሱ የቀኝ ጓዳ ከወፍራሙ የግራ ግድግዳ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ነው። ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ በፊት በኩል፣ አንዱ በታች በኩል። በሁለቱ መካከል ያለው ሁለቱ ጓዳዎች የሚጋሩት የጋራ ግድግዳ ነው። ቆጠራው ከዚህ ምልክት ይነሣል፤ የቀሩት ወሰኖች ሁሉ በማዕዘን መለኪያ የሚተከሉ የሰው ወሰኖች ናቸው።

ራስጌው እያንዳንዳቸው 60 ዲግሪ ባላቸው 6 ክፍሎች ይከፈላል። ወገቡም እንዲሁ 6። ጫፉ ጠባብ ስለሆነ በ90 ዲግሪ 4 ብቻ ይሆናል። ቆቧ 1 ናት። ስድስት፣ ስድስት፣ አራት፣ አንድ፤ ድምሩ 17። የአንዱ ክፍል ስም እንደ ሰው ስም ሁለት ነገር አለው፤ የቀለበቱ ስምና የአቅጣጫው ስም። በራስጌ ከ1 እስከ 6 ሲቆጠር የፊት፣ የጋራው ግድግዳ የፊት ጎን፣ የጋራው ግድግዳ የታች ጎን፣ የታች፣ የታችኛው የግራ ጎን፣ የላይኛው የግራ ጎን እያለ ይዞራል። በወገብ በዚያው ቅደም ተከተል ከ7 እስከ 12 ነው። በጫፍ የፊት፣ የጋራው ግድግዳ፣ የታችና የግራ ጎን ሆኖ ከ13 እስከ 16 ይሄዳል። 17 ቆቧ ናት። ስለዚህ አንድ ሐኪም «8» ብሎ ቢጽፍ በወገብ ያለው የጋራ ግድግዳ የፊት ጎን ማለቱ ነው፤ አንባቢው በመቀሌ ይሁን በቶክዮ ያው ቦታ ነው።

አሥራ ሰባቱን በአንድ ወረቀት ላይ ለማየት ሐኪሞች ክብ ሥዕል ይሥላሉ። ፈረንጆች ይህን ሥዕል ከተኳሽ የዒላማ ሰሌዳ ጋር ያመሳስሉታል። እኛ ግን የቀረበ ምሳሌ ቤታችን አለን። የሞሰብ ክዳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ቀጥ ብለው ከአናቱ ይመልከቱት። ሹሉ ጫፍ መኻል ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ በዙሪያው ስፌቱ ቀለም በቀለም ቀለበት እየሠራ ወደ ዳር ይሰፋል። መኻሉ ነጥብ 17 ነው። ቀጥሎ ያለው ቀለበት በ4 የተከፈለው ጫፍ፣ ከዚያ በ6 የተከፈለው ወገብ፣ የመጨረሻው የውጭ ቀለበት ራስጌው ነው። የልቡ ፊት በላይ፣ የጋራው ግድግዳ በግራ እጅ፣ የታችኛው ግድግዳ በታች፣ የግራው ጎን በቀኝ እጅ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሥዕል ቢደርስዎ አንድ ነገር ይወቁ፤ ክዳኑን ከአናቱ ሲያዩት ዙሪያው የሰፋ፣ መኻሉ ያነሰ ይመስላል። በሥዕሉ ላይ ያለው ስፋት የሥጋው ትክክለኛ ስፋት አይደለም። በቀይ የተቀባ የውጭ ቀለበት አይቶ ልቤ በሙሉ ታሟል ብሎ የሚደነግጥ ሰው ሥዕሉ ጥቂት አታልሎታል።

ቦታው ከተሰየመ በኋላ ማርክ መስጠት ይቻላል፤ ይህ እንግዲህ የእኔም ሙያ ነው። በኤኮ ሲታይ ደኅና የሚኮማተር ክፍል 1 ይሰጠዋል፤ ደከም ያለ 2፤ ፈጽሞ የማይኮማተር 3፤ ሌላው ሲኮማተር እርሱ ወደ ውጭ የሚያብጥ 4። ከትምህርት ቤት የሚለየው አነስተኛው ማርክ የጐበዝ መሆኑ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ቆቧ አትቆጠርም፤ እንቅስቃሴዋ በዐይን የሚለይ ባለመሆኑ በ2015 የወጣው የኤኮ ሐኪሞች መመሪያ ለመኮማተር ማርክ 16ቱን ብቻ እንዲጠቀሙ ይመክራል። እንግዲህ ከ16 የተጻፈ ወረቀትና ከ17 የተጻፈ ወረቀት ዛሬም ጎን ለጎን አሉ፤ አሁን ግን ልዩነታቸው የታወቀ ነው፤ አንዲት ቆብ ብቻ ናት።

ምሳሌ እንሥራ። አንዲት እናት ደረታቸውን አሟቸው ተመረመሩ እንበል። 13 ክፍሎች ደኅና ናቸው፤ 8 ቁጥር 2 አገኘ፤ 13 እና 14 ቁጥር 3፣ 3 አገኙ። ድምሩ 21 ነው፤ ለ16 ሲካፈል 1.31 ይሆናል። ከሕክምና በኋላ ተመልሰው ሲታዩ 8 ቁጥር 1 ሆነ፤ 13 እና 14 ወደ 2 ወረዱ። ድምሩ 18፤ ለ16 ሲካፈል 1.13 ገደማ ነው። ሴትዮዋ ተሽሏቸዋል። ይህን ለማለት ሁለተኛው ሐኪም የመጀመሪያውን ሐኪም ማወቅ፣ ቋንቋውን መናገር፣ ስልክ መደወል አላስፈለገውም።

እኔ ግን አማካዩን ብቻ የሚያነብ ሰው አይጥመኝም። በክፍሌ አማካይ ውጤት ደኅና ሆኖ ሦስት ልጆች ግን የሚወድቁበት ጊዜ አለ፤ አማካዩ ስለ እነርሱ ምንም አይነግረኝም። ከዚህም 1.31 የሚለው ቁጥር የትኛው መደብ እንደ ደረቀ አይናገርም። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሲያዩአቸው ግን 8፣ 13 እና 14 ሦስቱም በአንድ ቦይ የሚጠጡ ናቸው። በ2002ቱ ሰነድ ለፊት ለፊቱ ሥር የተመደቡት 1፣ 2፣ 7፣ 8፣ 13፣ 14 እና 17 ናቸው። ለቀኙ ሥር 3፣ 4፣ 9፣ 10 እና 15፤ ወደ ግራ ለሚዞረው 5፣ 6፣ 11፣ 12 እና 16 ተሰጥተዋል። ሰባት፣ አምስት፣ አምስት። ሆኖም ይህን እንደ ውርስ ክፍያ የጸና አድርገው አይያዙት። የሰው ፊት እንደሚለያይ የደም ሥሩም አካሄድ ይለያያል፤ በአንዱ ሰው ቀኙ ሥር ረዝሞ የሌላውን መደብ ያጠጣል፤ በሌላው ሰው አጭር ነው። በተለይም ቆቧን ከሦስቱ የትኛውም ሊያጠጣት እንደሚችል ሰነዱን የጻፉት ራሳቸው ተናግረዋል። የክፍሉ ቁጥር ቦታውን ያሳያል፤ ቦዩን ግን ይጠቁማል እንጂ አይመሰክርበትም።

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ምን ያደርጋል የሚሉ ይኖራሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ የወጣቶችን ልብ ከሁሉ ይልቅ ሲጎዳ የኖረው በሕፃንነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ በር በሽታ ነው፤ ሐኪሞች ሩማቲክ የሚሉት። ዶክተር በላይ አበጋዝ ልባቸውን ለታመሙ ሕፃናት ብለው ባቋቋሙት ድርጅት ጥረት በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማእከል የተከፈተውም ባብዛኛው እንዲህ ያሉ ልጆች ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ስለ ነበረ ነው። አሥራ ሰባቱ ክፍሎች ስለ በሩ አንዳች አይናገሩም፤ የግድግዳ እንጂ የበር ቆጠራ አይደሉምና። ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። ነገር ግን የደም ግፊትና ስኳር ከከተማ አልፈው ወደ ገጠር እየገቡ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የሚያጠቁት ሥሩንና ግድግዳውን ነው። ግድግዳው ሲታመም ቆጠራው ያስፈልጋል።

ከምሥራቅ ጎጃም ለከፍተኛ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ሰው መንገዱ አንድ ነው፤ ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። በመሣሪያው ላይ ሲንቀሳቀስ የታየው ልብ ብዙውን ጊዜ እዚያው መሣሪያ ውስጥ ይቀራል፤ ሰውየው በፌስታል ጠቅልሎ የሚይዘው ወረቀቱን ነው። በወረቀቱ ላይ «የልብ ድካም አለው» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ከሀ ይጀምራል። «13 እና 14 አይኮማተሩም፤ የቀሩት ደኅና» ተብሎ ከተጻፈ ግን ምርመራው በረሃውን ሲሻገር አልጠፋም። እኔ ሐኪም ብሆን ኖሮ ቀለም እስኪያልቅብኝ ቁጥሩን እጽፍ ነበር። ቤተ ዘመድ የታመመብዎ አንባቢም የቀድሞውን ወረቀት አዲስ ወረቀት ስለ ወጣ ብለው አይጣሉት፤ ቁጥር ከቁጥር ጋር ካልተያያ ስለ መሻልና ስለ መባስ መናገር አይቻልምና።

ልብን በድምፅ ሞገድ ማየት የተጀመረው በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ነው። ኢንገ ኤድለር የተባለ ሐኪምና ሄልሙት ኸርትዝ የተባለ የፊዚክስ ሰው በ1953 የብረትን ስንጥቅ ለመመርመር የተሠራ መሣሪያ ተውሰው በሕያው ሰው ደረት ላይ አስቀመጡት፤ ያዩት ነገር የምትዘል መሥመር ብቻ ነበረች። ዛሬ ወደ ሌላ ጫፍ ደርሰናል፤ ወሰኑን ኮምፒውተር ራሱ እንዲሥል እየተደረገ ነው። አሥራ ሰባት ማካፈሉ ለኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው፤ ማዕዘን መለካት ነውና። የሚያስቸግረው ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ጡንቻው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ደሙ የትኛው ሥጋው የትኛው እንደ ሆነ መለየት።

በ2017 ይህን ችሎታ የሚለካ አንድ ውድድር ተደርጎ ነበር። በፈረንሳይ አገር በዲዦን ከተማ ሆስፒታል ከታዩ 150 ሰዎች የተነሣ የኤም አር አይ ሥዕል ቀረበ፤ የ100ው ሰው ሐኪም ከሣለው ወሰን ጋር ለመማሪያ ተሰጠ፤ የ50ው ለፈተና ተደብቆ ቆየ። ከአንድ መምህር ፈተና ምንም የሚለይ ነገር የለውም። ኮምፒውተሮቹ በወገብ ላይ ከሐኪሞች የማይተናነስ ውጤት አመጡ። የሳቱት ባብዛኛው በሁለቱ ዳር ነው፤ በራስጌ፣ ጡንቻው አልቆ በሩ በሚጀምርበት፤ እና በጫፍ፣ ጓዳው ጠብቦ በሚጠፋበት። ሐኪሞችም እርስ በርሳቸው የሚለያዩት በእነዚሁ ሁለት ቦታዎች ነው።